ሂባ ዩሱፍ ብትባል ለአባቷ አክስት ትሆናለች

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለቤቴ ጀርመን ነው ያለው። ዓምና መጥቶ ኒካህ አሰርን፤ ጋብቻችንንም በወሳኝ ኩነት አስመዝግበን የምስክር ወረቀት አወጣን። አሁን አላህ ሴት ልጅ ሰጥቶናል። የተወለደችው ጥር 5 ቀን 2018 ነው፤ ዛሬ 64 ቀኗ። ስሟ ሂባ ነው። በዓቂቃዋ ቀን ሽማግሌዎች ባሉበት ነው የወጣላት።

እስካሁን አላስመዘገብኳትም። ያቆመኝ የስም ነገር ነው። የባለቤቴ ሙሉ ስም ኑረዲን መሐመድ ዩሱፍ ነው። ጀርመኖቹ ግን ‹ሄር ዩሱፍ›፣ አቶ ዩሱፍ ማለት ነው፣ ነው የሚሉት፤ የመኖሪያ ካርዱም ላይ የቤተሰብ ስሙ ዩሱፍ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ‹ልጅቷ ሂባ ዩሱፍ ተብላ ትመዝገብ፤ አለበለዚያ እዚህ ስትመጣ ያንተ ልጅ አይደለችም ይሉኛል› ይላል። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ጸሐፊዋ ‹የአባት ስም ኑረዲን ከሆነ ሌላ አልጽፍም፤ ደግሞ አባትየው ራሱ ይምጣ› አለችኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ‹ልጄን ከልጁ ስም ላይ ልትፍቁት ነው!› ብለው አኩርፈዋል። እህቴ ‹በአባታችን ስም አስመዝግቢያትና ተገላገይ› ትላለች። አንድ የባለቤቴ ዘመድ ደግሞ ‹ሰው አለኝ፣ እንደፈለጋችሁ ያጽፍላችኋል› ይላል። ባለቤቴ ‹ተዪው፣ ለዓረፋ ስመጣ አብረን እንጨርሰዋለን› ብሎኛል። ልጠብቀው? ብቻዬን ማስመዝገብ እችላለሁ? የትኛውን ስም ላስጽፍ?»

የሂባ እናት፣ ከሳቢያን

የሂባ እናት፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ። ሂባንም ያሳድግልሽ።

ከሁሉም በፊት መልሱን ልስጥሽ፤ አራስ ሆነሽ ረጅም ጽሑፍ ሳትጨርሺ ልጅቷ ልታለቅስ ትችላለች። አትጠብቂው። ብቻሽን ማስመዝገብ ትችያለሽ። ስሟንም ሂባ ኑረዲን መሐመድ ብለሽ አስጽፊ። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደሆነና እንዴት እንደምታደርጊው ነው። ኑረዲንም ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ሊንኩን ላኪለት።

መጀመሪያ የቀኑን ነገር እንጨርስ። የወሳኝ ኩነት አዋጅ፣ ቁጥሩ 760/2004፣ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ሂባ 64 ቀኗ ከሆነ 26 ቀን ቀርቶሻል። ሚያዝያ መግቢያ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ዓረፋ ዘንድሮ ግንቦት ውስጥ ነው። ኑረዲን ቃሉን ጠብቆ ቢመጣ እንኳ ቀኑ አልፎ ነው የሚደርሰው። ቀኑ ካለፈ በኋላም ልጅ ይመዘገባል፤ በሩ አይዘጋም። ግን ምዝገባው የዘገየ ተብሎ ነው የሚያዘው። ለምን ዘገየ የሚል ጥያቄ፣ ተጨማሪ ማስረጃ፣ ተጨማሪ ክፍያ ይከተላል። አሁን በአንድ ጠዋት የምትጨርሺውን በኋላ በምልልስ ትገፊዋለሽ። አራስ ልጅ አዝለሽ በድሬ ሙቀት፣ በሚያዝያ! ለራስሽ እዘኚ።

የድሮ ሰዎች «የልደት ካርድ ምን ያስቸኩላል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል» ይሉሻል። እነሱም እውነታቸውን ነው። በመላ አገሪቱ ቋሚ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት የልደት ካርድ ማለት ለትምህርት ቤት፣ ለፓስፖርት ወይም ለዲቪ ሲፈለግ የሚወጣ ወረቀት ነበር። ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ሄዶ የልደት ካርዱን ያወጣ ነበር። ዛሬ ዋናው መዝገቡ ነው። እጅሽ ላይ የሚሰጥሽ ወረቀት ከመዝገቡ የተቀዳ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ነገር ዕድሜ ልኳን ይከተላታል።

«አባትየው ራሱ ይምጣ» ያለችሽን ጸሐፊ በተመለከተ፣ አዋጁ እንደዚያ አይልም። ልደትን የማስመዝገብ ግዴታ የሁለቱ ወላጆች ወይም የአንዳቸው ነው። አንዱ ከሄደ ይበቃል። አንቺ ደግሞ ባለ ጋብቻ ነሽ፤ ወረቀቱም በእጅሽ አለ። ድሬዳዋ የምትጠቀመው የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ጋብቻው ከተፈጸመ 180 ቀን ካለፈ በኋላ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ኑረዲን «አዎ፣ ልጄ ናት» ብሎ በአካል መጥቶ እንዲፈርም የሚያስገድድ ነገር የለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ ይህን ብሎለታል። ጀርመን ለመሄድ ብላችሁ ያወጣችሁት ወረቀት ሳታስቡት ለሂባም ደረሰላት።

ጸሐፊዋ ላይ ግን አትቆጪ። በቀን ስንት ዓይነት ሰው ነው የሚመጣባት። ያልተጋቡ፣ የተጣሉ፣ የሌላ ሰው ስም ልጃቸው ላይ ማስጻፍ የሚፈልጉ ሁሉ ይመጣሉ። ሰው ስትጠራጠር «አባትየው ይምጣ» ማለት ይቀላታል። አንቺ ደግሞ በጥያቄሽ ውስጥ «ሂባ ዩሱፍ» ብለሽ አስደነገጥሻት። አሁን ወረቀቶችሽን ይዘሽ፣ «ሂባ ኑረዲን መሐመድ» ብለሽ ብትሄጂ ነገሩ ሌላ ይሆናል። እንደገና «አባት ይምጣ» ከተባልሽ ድምፅሽን ሳታነሺ «አዋጁ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ይበቃል ይላል፣ አይደል? ኃላፊውን ላነጋግር?» በይ። ኃላፊውም እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ በይ። በጽሑፍ ሲባል ብዙ ነገር ይላላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የኑረዲን ጭንቀት የውሸት አይደለም። ልጁ ከእሱ ጋር በአንድ ስም እንድትጠራ የሚፈልግ አባት ነው። በአየር ማረፊያ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው አግኝቶም ይሆናል። የባሕር ማዶ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» የሚል አንድ ሳጥን አለው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ሳጥኑ መሞላት አለበትና መጨረሻ ላይ ያለውን ስም ወስደው ይጽፉታል። ኑረዲን መሐመድ ዩሱፍ የሚባለው ሰውዬ እዚያ ሲደርስ ሄር ዩሱፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአያቱ ስም ነው የሚጠሩት።

እንግዲህ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሂባ በአገሯ ደንብ ስትመዘገብ ሂባ ኑረዲን መሐመድ ናት። ጀርመን ስትሄድ የመጨረሻው ስም መሐመድ ነው። ስለዚህ እሷ «መሐመድ»፣ አባቷ «ዩሱፍ» ይሆናሉ። አንቺም የራስሽን አባትና አያት ስም ነው የያዝሽው፤ እኛ ጋ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ አንቺም ሦስተኛ ስም ትሆኛለሽ። በአንድ ቤት ሦስት የቤተሰብ ስም! በር ላይ ለሚለጠፈው የስም ሰሌዳ ያስቸግር ይሆናል እንጂ ሌላ ወንጀል የለበትም። ልብ በይ፣ ኑረዲን እዚያ ሲመዘገብ በአጋጣሚ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖለት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም «መሐመድ» ይሆኑ ነበር፤ ይህ ሁሉ ጣጣም ባልመጣ። ይህን የምነግርሽ ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ ነው። ባላችሁ ውጭ አገር በአባቱ ስም ከተጠራ፣ የልጃችሁ የአያት ስም ያው እሱ ስለሆነ ነገሩ ራሱን ያስተካክላል። ስለዚህ ከመከራከራችሁ በፊት የመኖሪያ ካርዱን ፎቶ አስልካችሁ እዩት።

አሁን ደግሞ የኑረዲንን ሐሳብ እንሞክረው። «ሂባ ዩሱፍ» ብለን አስመዘገብናት እንበል። በኢትዮጵያ ንባብ ሂባ የዩሱፍ ልጅ ናት። መሐመድም የዩሱፍ ልጅ ነው። ስለዚህ ሂባ የመሐመድ እህት ሆነች። ኑረዲን የመሐመድ ልጅ ነው። ታዲያ ሂባ ለኑረዲን ምኑ ናት? አክስቱ! የሁለት ወር ሕፃን ለአባቷ አክስት ልትሆንለት ነው። አማትሽ ቢያኮርፉ አይፈረድባቸውም።

ሳቁን ትተን ጉዳቱን እንይ። መዝገቡ ላይ የልጅቷ ስም ሲጻፍ የሚጠየቀው የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ነው። ከሥር ደግሞ ለአባት ብቻ የሚሞላ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ኑረዲን መሐመድ ዩሱፍ ተብሎ ይጻፋል። ላይኛው መስመር አባቷ ዩሱፍ ነው ይላል፤ ታችኛው ኑረዲን ነው ይላል። አንድ ወረቀት በራሱ ላይ ሲመሰክር ማለት ይሄ ነው። ኑረዲን «ልጄ አይደለችም ይሉኛል» ብሎ የፈራውን ነገር የሚያመጣበት ራሱ ያቀደው መንገድ ነው። ቪዛ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስም አለመመሳሰልን ሳይሆን የሰነድ መጋጨትን ነው። አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሀበሾች በየቀኑ ያጋጥሙታል። አይስላንዳውያንም አብዛኞቹ እንደኛ በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ አውሮፓ ውስጥ ማንም አይደነግጥበትም። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ የአባት ሙሉ ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ከሆነ ጥያቄው አለቀ።

ኑረዲን በኢንተርኔት ሲፈላልግ «የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤተሰብ ስም ይላል እኮ» ሊልሽ ይችላል። እውነት ነው፣ ይላል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በ1952 የወጣው ሕግ ልጅ የአባቱን የቤተሰብ ስም ይይዛል የሚል ነገር አለው። ሕዝቡ ግን አልሰማም፤ በአባቱ ስም ቀጠለ። ስድሳ ምናምን ዓመት ሆነው። የምዝገባ ቅጹም የሚጠይቀው ሕዝቡ የሚጠራበትን ነው። ይህን ክርክር ቀበሌ መስኮት ላይ አንቺ አታሸንፊውም፤ ብታሸንፊም የምታገኚው ነገር አክስትነት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መመለሻው ነው። እዚህ አንዴ የተጻፈ ስም በቀላሉ አይነቀልም። የፊደል ግድፈት ከሆነ መዝጋቢው ማስረጃ አይቶ ሊያርመው ይችላል። ስም መለወጥ ግን ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ማመልከቻ፣ ምስክር፣ ቀጠሮ። አባቷ ውጭ፣ አንቺ እዚህ። ጀርመን ግን በሩ ክፍት ነው። እንደኛ የቤተሰብ ስም ከሌለበት አገር የመጣ ሰው በጀርመን ሕግ ሥር ሲገባ፣ ሽታንደስአምት በሚሉት የመዝገብ ቢሮ ቀርቦ ከስሞቹ መካከል የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሚሆን የሚያሳውቅበት አሠራር አለ። ሕጉ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በዚያ ላይ የጀርመን የስም ሕግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተሻሽሏል፤ የሰው ስም በሚኖርበት አገር ሕግ የሚታይበት ሆኗል። ሂባ ዛሬ የምትኖረው ድሬዳዋ ነው። ዛሬ በድሬዳዋ ስሟ ትመዝገብ። ነገ አብራችሁ እዚያ ስትኖሩ ኑረዲን ሽታንደስአምት ሄዶ ለእሷም ለአንቺም ምን እንደሚቻል ይጠይቅ። እዚያ ሊስተካከል የሚችልን ነገር እዚህ አታበላሹት። ለኑረዲን በዚሁ ቋንቋ ንገሪው፤ «እምቢ» ከምትዪው «ቦታው እዚያ ነው፣ አሁን አይደለም» ብትዪው ይሻላል።

የእህትሽ ሐሳብ በቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግን ለአንቺ አይሆንም። ልጅ በእናቱ ወገን ስም የሚጠራው አባቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ያገባሽ ሴት ሆነሽ ሂባን በአባትሽ ስም ብታስመዘግቢ «አባቷ አይታወቅም» የሚል ወሬ በመንግሥት ማኅተም ጻፍሽ ማለት ነው። ከዚያ ኑረዲን ልጄ ብሎ ወደ ጀርመን ሊወስዳት ሲል በምን ያረጋግጣል?

«ሰው አለኝ» ያለውን ዘመድ ደግሞ አመስግነሽ አሰናብቺው። ድሬ ላይ «ሰው አለኝ» የማይል ዘመድ የለም። የሐሰት ቃል ሰጥቶ ማስመዝገብ በወንጀል ያስጠይቃል። የሚጠየቀውም ያስጻፈው «ሰው» ብቻ ሳይሆን ፈርመሽ የተቀበልሽው አንቺም ነሽ። ከዚያ ባለፈ የጀርመን ኤምባሲ የኢትዮጵያን የልደትና የጋብቻ ሰነዶች ማኅተም አይቶ ብቻ አይቀበልም፤ እውነትነታቸውን እዚሁ አገር ውስጥ የሚያጣራ ባለሙያ ሊመድብ ይችላል። ያ ሰው ወደተመዘገበችበት ቢሮና ወደ ሰፈራችሁ ቢመጣ ምን ያገኛል? በመጋላ ያሉ አማትሽን «ዩሱፍ የሚባል ሰው ሂባ የምትባል ልጅ አለው?» ቢላቸው ምን ይመልሱለታል?

እሺ፣ ነገ ጠዋት ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ? ከወለድሽበት ሆስፒታል የተሰጠሽ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ዋናው ነው። ከሕክምና ካርድሽ ጋር ተጣጥፎ እንዳይሆን ፈልጊው። መታወቂያሽን፣ ፋይዳ ካለሽ እሱንም፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ የኑረዲንን ፓስፖርት ኮፒ ያዢ። የመኖሪያ ካርዱ ኮፒም ይኑርሽ፤ ባይጠየቅ ምንም አይደለም። የልጅቷን ጉርድ ፎቶም አንሺ። አራስ ልጅ ዓይኗን ገልጣ ፎቶ የማስነሳት መከራ ራሱን የቻለ ነው፤ ከዚራ ያሉት ፎቶ ቤቶች ለምደውታል። በጠዋት ሂጂ። ከምሳ በኋላ በዚህ ሙቀት ቢሮውም ሰውየውም አንቺም አትሆኑም።

ሂባ የተወለደችው ድሬ ስለሆነ ምዝገባዋም እዚሁ ነው። ኤምባሲዎቻችንም ወሳኝ ኩነት ይመዘግባሉ፤ ግን እዚያ ለተወለዱት ነው። «ኑረዲን በርሊን ያስመዝግባት» የሚል ሰው ካለ ከዝርዝሩ አውጪው።

መዝጋቢዋ ከማተሟ በፊት «ላንብበው» በይ። ይህን አትርሺ። ብዙ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ፣ አጣጥፎ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያነበው። የአማርኛው ልክ ሆኖ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የውጭ ሰው የሚያነበው ደግሞ ያንን ነው። መሐመድ የሚለውን ስም በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ታውቂያለሽ። በአንድ ኤም፣ በሁለት ኤም፣ በኦ፣ በዩ። ዩሱፍ በዋይ ነው የሚጀምረው? ወይስ ኑረዲን ጀርመን ሄዶ በጄ አስጽፎታል? የአንቺ መመሪያ የኑረዲን ፓስፖርት ነው። እዚያ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል አስቀጂ። ትክክል ነው የምትዪውን ሳይሆን ፓስፖርቱ ያለውን። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ ከፓስፖርቱ የተለየ ፊደል ካለው ደግሞ ልዩነቱን ዛሬውኑ ለኃላፊው አሳዪና እንዴት እንደሚታረም ጠይቂ፤ ሁለት ወረቀት ሲጣላ የሚጎዳው ባለወረቀቱ ነው።

ቀኑንም እዪው። ጥር 5 ቀን 2018 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ቀን 2026 ነው። ሲቀየር በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዓመት የሚስት ሰው ብዙ ነው። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ያለውና ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን አረጋግጪ።

ኑረዲንን በዚያች ጠዋት አትርሺው። ሰውዬው ልጁን በስልክ ነው የሚያያት። ስሟ እሱ በሌለበት ሲጻፍ «አልተጠየቅሁም» የሚል ስሜት ቢይዘው አይገርምም። ቅጹን ስትሞዪ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ፊደሎቹን እሱ ያርም። ያን ሰዓት ስልኩን ይዞ እንዲጠብቅ ከዋዜማው ንገሪው። ጀርመን ከእኛ በሰዓት ወደኋላ ስለሆነ በማለዳ ልትቀሰቅሺው ትችያለሽ፤ አባት ነው፣ ይነሳ።

በዚህ መሃል ሌሎች እህቶችም ያነቡታል ብዬ ሁለት ነገር ልጨምር። ጋብቻ ሳይኖራችሁ አባትየው ጅቡቲ፣ ሳዑዲ ወይም አውሮፓ ያለ ከሆነ ነገሩ እንደ ሂባ እናት አይቀልም። የእናት ቃል ብቻውን የአባትን ስም አያስጽፍም። አባትየው ልጄ ነው ብሎ መቀበል አለበት። በሕጉ ይህ የሚሆነው በመዝጋቢው ፊት ቀርቦ ወይም ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠ ሰነድ ጽፎ ነው። ውጭ ያለ ሰው በሚቀርበው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርሞ ይላክ። እናትም መቀበሏ ይጠየቃል። አሻፈረኝ ካለ ፍርድ ቤት አለ። እስከዚያው ግን ልጁ ሳይመዘገብ አይቆይ። እናቱ ብቻ ታስመዝግበው፤ አባት ሲገኝ ይጨመራል። ሐረር ያላችሁ ደግሞ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ እንዳለው አትርሱ። የምዝገባው አዋጅ የፌዴራል ስለሆነ 90 ቀኑ እናንተንም ይመለከታል፤ ስለ አባትነት ጥያቄ ካላችሁ ግን የክልላችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠይቁ።

ወደ አንቺ ልመለስ። አማትሽን ዛሬውኑ ደውለሽ «ሂባ ኑረዲን መሐመድ ተብላ ልትመዘገብ ነው፤ የባለቤትዎም ስም ገባ» በያቸው። መሐመድ የሚለው የእሳቸው ባል ስም አይደል? በኑረዲን ዕቅድ እኮ የልጃቸውም የባላቸውም ስም ነበር የሚፋቀው። ኩርፊያው የት እንደነበር እሳቸውም እስኪረሱት ድረስ ደስ ይላቸዋል። አብረውሽ ቢሄዱም ጥሩ ነው። ልጅቷን ይይዙልሻል።

ኑረዲን ለዓረፋ ሲመጣ ደግሞ ሥራ አታጡለትም። ለምዝገባው ውክልና አያስፈልግሽም፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ግን ያስፈልግሻል። ለሂባ ፓስፖርት ሲጠየቅ የሁለታችሁም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ለቪዛም እንደዚያው። እሱ እዚህ ካለ አብራችሁ ድሬዳዋ ኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ቀርባችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ሊመለስ ሲል ደግሞ ለቀሪው ጉዳይ እዚሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና ይስጥሽ። ውክልናው «ማንኛውንም ጉዳይ» በሚል ብቻ እንዳይታለፍ። የሂባ ሙሉ ስም ተጽፎ፣ ፓስፖርት ማውጣት፣ ለቪዛ ማመልከት፣ ከአንቺ ጋር ከአገር መውጣት የሚሉት ተለይተው ይጻፉ።

መምጣቱ ከተጓተተ ይህንኑ በርሊን ባለው ኤምባሲያችን ወይም ፍራንክፈርት ባለው ቆንስላ ፈርሞ ይላክልሽ። ከውጭ የመጣ ውክልና መጀመሪያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መረጋገጥ አለበት። አዲስ አበባ የሚያስጨርስልሽ ሰው ከአሁኑ አስቢ። የልደት ምስክር ወረቀቷም ጀርመን የሚቀርብ ከሆነ በውጭ ጉዳይ መረጋገጡ ስለማይቀር ሁለቱን በአንድ ጉዞ ላኪያቸው። ዋናውን በፖስታ አትላኪ፤ በሰው እጅ ይሂድ፤ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ኮፒውን ቤት አስቀሪ።